ከሽንት ቤቱ ጀርባ የወጣው አበባ፦ የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባችን ዕቅድ አበባ አልነበረም። ሁለት መቶ የችግኝ ጉድጓድ ቆፍረን በጥቅምቱ ዝናብ መትከል ነበር። ቁፋሮው በተጀመረ በሁለተኛው እሮብ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያሉት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ጮኹ። "ቲቸር፣ ሽንኩርት!"

ዶማው ሁለት ቦታ ሰንጥቆታል። የጨቅላ ራስ ያክላል። ላዩ ቡናማ ልባስ፣ ውስጡ ነጭ፣ ተደራራቢ። ሽታው ግን የሽንኩርት አይደለም። አንዱ "የጅብ ሽንኩርት ነው" አለ። በዚህ ስም የሚጠራው ተክል ብዙ ስለሆነ ገና አላወቅነውም ማለት ነው። ማንም እንዳይቀምስ አስጠነቀቅኩ። በዚያው ቀን ስምንት ደህና ራሶች አወጣን። ችግኙ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ (ተላልፎ ቀረ፣ እውነቱን ለመናገር)።

አራቱን መልሰን እዚያው ቀበርን። አራቱን በማሰሮ አድርገን መምህራን ክፍል በረንዳ ላይ ደረደርን።

የእኛ አገር፣ ከያቤሎ በታች ያለው ቆላ፣ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው። ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ በጥቅምትና በኅዳር። ትንሹ ዝናብ እንደጣለ ሁሉም ቅጠል አወጡ። ቅጠሉ መሬት ላይ ተኝቶ ግራና ቀኝ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ጫፉ ግን በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ልጆቹ የጥበቃችንን ፍየል ጠረጠሩ። ጋሼ ፍየላቸውን ለሦስት ሳምንት አሰሩ።

ታኅሣሥ ላይ ቅጠሉ መድረቅ ጀመረ። እዚህ ላይ ስህተቱ የኔ ነው። በማሰሮ ያሉትን በየሁለት ቀኑ አጠጡ አልኩ። በጋሪ የሚመጣ ውሃ በክበቡ መዋጮ እየገዛን አጠጣን። በጥር መጨረሻ በረንዳው ሸተተ። ሦስቱ በስብሰዋል። በደረቁ ወቅት ተኝቶ እንዲቆይ የተሠራን ተክል በውሃ ገደልነው።

የተቀበሩት ላይ ግን አፈሩ ጋ የደረቀ የቅጠል ጉቶ ብቻ ቀርቶ ነበር። የክበቡ ጸሐፊ ጉቶዎቹን በቀይ የጥፍር ቀለም ቀባቻቸው። ጥፍር መቀባት በተከለከለበት ግቢ ቀለሙ ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም።

መጋቢት ላይ ዋናው ዝናብ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ከባዶ አፈር ወፍራም አገዳ ብቅ አለ። ጫፉ ላይ አስራ ሰባት ሮዝ አበባ ቆጠርን። መዓዛው ጠዋት ሰልፍ ድረስ ይመጣ ነበር። ከሽንት ቤት ጀርባ!

ስሙን ያገኘነው ያኔ ነው፤ አሞካሪስ ቲኒያና። አሞካሪስ በግሪክኛ የአሸዋ ውበት እንደማለት ነው። ቲኒያና ደግሞ ከአሌክሲን ቲኔ ቤተሰብ ስም የመጣ ነው። ይህች የኔዘርላንድ ተጓዥ እናቷን አስከትላ ዛሬ ደቡብ ሱዳን ውስጥ እስካለው ባሕር ኤል ጋዛል ሄዳለች። እናቷ በዚያው ጉዞ ሞተች። በጉዞው የተሰበሰቡት ተክሎች በ1867 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ታትመው ወጡ። በ1869 እሷ ራሷ ሰሃራ ውስጥ ተገደለች፤ ዕድሜዋ 33 ነበር። ይህን ስናገር ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚህ ተክል ውስጥ ስላለው ላይኮሪን ስለሚባል መርዝ ስናገር እንዲህ አላዳመጡኝም።

ሚያዝያ ላይ ጸሐፊዋ እየሮጠች መጣች። ቅጠሎቹ ረዝመዋል። ቀዩ ቀለም ያለው ግን ታች ሳይሆን ጫፉ ላይ ነው! አዲስ ቅጠል አልነበረም። የቀድሞው ነው። በበጋ ላይኛው ይደርቃል፣ የታችኛው በተክሉ ራስ ውስጥ በሕይወት ይቆያል፤ ሲዘንብ ካቆመበት ይቀጥላል። ጫፉ የተቆረጠ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ፍየሏ ነጻ ወጣች። ጋሼን ሰልፍ ፊት ይቅርታ ጠየቅናቸው። "እኔ አልኳችሁ እኮ" አሉ።

ፍሬው ሲከብድ አገዳው መሬት ላይ ተኛ። ዘሩ ሥጋማ ነው፣ እንደ ሽምብራ ደርቆ አይቀመጥም። ጥቂት ዘር ጋዜጣ ላይ አድርጌ መሳቢያዬ ውስጥ ረስቼ ነበር። ግንቦት ላይ የፈተና ወረቀት ስፈልግ ስከፍተው፣ ያለ ጠብታ ውሃ ሥር አውጥቷል።

አሁን አስራ አንድ ቡቃያ አለን። አሸዋ ላይ፣ ሳንቀብር አስቀመጥናቸው። ሥሮቻቸው እየተኮማተሩ የተክሉን ራስ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይስቡታል፤ ያንን ትልቁን ራስ ማን እንደቀበረው ለጠየቃችሁኝ መልሱ ይኸው ነው። ለማበብ ዓመታት ይፈጃሉ። የዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍሎች ሳያዩት ሊመረቁ ይችላሉ። ክረምቱን ጋሼ ይጠብቃሉ። ውሃ እንዳያጠጡ ነግሬያቸዋለሁ።