ለሰብለ፣ ስለ አስታማሚዎች

ባሕር ዳር

ውድ ሰብልዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን! እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

አሁን የነርሲንግ ቲዎሪ እያስተማርኩ ነው። አዎ፣ ያንን ለፈተና የሸመደድነውን! እየቆየሁ በጣም ወደድኩት። የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራቿ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 አየሩን፣ ብርሃኑንና ጽዳቱን አስተካክሎ ታማሚው በተፈጥሮ እንዲያገግም ማመቻቸት የነርስ ሥራ ነው ብላ ጻፈች። ከዚያ ፔፕላው በ1952 የነርስና የታማሚው ግንኙነት ራሱ እንደሚያሽር አሳየች። ሄንደርሰንም 14 መሠረታዊ ፍላጎቶችን ዘረዘረች። የሁሉም ጥያቄ አንድ ይመስለኛል፤ የሐኪም ትእዛዝ ከመፈጸም ባሻገር የኛ የራሳችን እውቀት የቱ ነው?

እኔን የያዘችኝ ግን ኦረም ናት። በ1971 ባወጣችው መጽሐፍ፣ ሰው ራሱን መንከባከብ ሲያቅተው ነርስ ትገባለች ትላለች። ወይ ሁሉንም ትሠራለታለች፣ ወይ ትጋራዋለች፣ ወይ ታስተምረዋለች።

ይህን ይዘን ከተማሪዎቼ ጋር የሆስፒታል ዋርድ ገባን። ከገጠር የመጡ፣ ስትሮክ የመታቸው አባት ተኝተዋል። ልጃቸው ፊታቸውን በእርጥብ ፎጣ ትጠርጋለች፤ እንዳይቆስሉ ታገላብጣቸዋለች፤ ሌሊት አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ ትተኛለች። አጥሚት በማንኪያ ልትሰጣቸው ስትል ተማሪዬ ቶሎ ብላ ያዘቻት። መጀመሪያ መዋጥ መቻላቸውን አየች። ከዚያ ቀና አድርጋ አስቀመጠቻቸው፣ በትንሽ በትንሹ እንድትሰጣቸውም አሳየቻት። ወጥተን ስንነጋገር ያቺው ተማሪ «እዚህ ያስተማርኩት ማንን ነው? ታማሚውን ወይስ ልጅቷን?» አለችኝ።

ጥያቄዋ እስካሁን አልለቀቀኝም። ኦረም በሌላ ሰው እጅ ስላለ ሰው እንክብካቤም ጽፋለች፤ አልካድኩም። እኛ ዘንድ ግን አስታማሚ የሌለው ታማሚ ስንት ነው? ገላ የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጠው እሱ ነው። ካርዱ ላይ ግን ስሙ እንኳ የለም። ሌላዋ ቲዎሪስት ላይኒንገር እንክብካቤ ከባህል አይለይም ብላ የተነሣችው ፓፑዋ ኒው ጊኒ ድረስ ሄዳ ከሰዎቹ ጋር ኖራ ነው። እኛ እኮ እዚሁ ነን፣ በየቀኑ እናየዋለን! ስለ አስታማሚው የሚናገር ቲዎሪ ከዚህ ካልወጣ ከየት ሊወጣ ነው?

ብቻዬን አልችለውም፣ ሰብልዬ። አንቺ ስንት ዓመት ዋርድ ሠርተሻል። አስታማሚው ምን ምን ይሠራል? ማን ያሳየዋል? ሲደክመው ማን ይተካዋል? ያየሽውን ሁሉ ጻፊልኝ። ለፋሲካ ከመጣሽ ደግሞ ቁጭ ብለን እንጀምረዋለን።

ያንቺው፣
ትዕግሥት