«ይህን ማን ነገረህ?» ብላችሁ ጠይቁልን

ቀን፦ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለሚማሩ ልጆች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ልጆች በሚጽፉት ጽሑፍ ውስጥ ዋቢ ስለመጥቀስና የሰው ሥራ ስላለመገልበጥ

የተከበራችሁ ወላጆች፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያነብላችሁ ልጃችሁ ከሆነ አንድ አደራ አለኝ። አንዳንዱ ቦታ ስለማይጥመው ሊዘለው ይችላልና፣ «አልቋል» ሲላችሁ ገጹን ቁጠሩት። ሦስት ገጽ ነው።

ባለፈው ወሰነ ትምህርት ማብቂያ ላይ የ11ኛ ክፍል የአማርኛ መምህራችን ልጆቹን «ከሰሜን ሸዋ አንድ ታሪካዊ ወይም የተፈጥሮ ቦታ መርጣችሁ አራት ገጽ ጻፉ» ብሎ አዘዘ። እርማቱን ሲጨርስ ሁለት ወረቀት ይዞ ቢሮዬ መጣ። የመጀመሪያው ስለ አንኮበር ነው። በሰማያዊ እስክርቢቶ፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ተጽፎ በፕላስቲክ ተጠርዟል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አሉ፣ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር የተዋዋሉት ውል አለ። ሁለተኛው ገጽ መካከል ላይ ስደርስ ግን እንዲህ ይላል፦ «ለተጨማሪ ታሪክ ቻናላችንን ይቀላቀሉ፣ ለወዳጅዎ ያጋሩ»። ልጁ ይህንንም እንደ ሌላው ሁሉ ተጠንቅቆ፣ አራት ነጥብ ሳይዘነጋ በእጁ ጽፎታል።

ሳቅን። ያችው ዓረፍተ ነገር በሌሎች ሦስት ልጆች ወረቀት ላይም መኖሯን መምህሩ ሲነግረኝ ሳቄን አቆምኩ።

ሁለተኛው ወረቀት ከመንዝ መጥቶ እዚህ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ የጻፈው ነው። በመንዝ ስላለው የጓሳ ሣር ምድር ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያንን ቦታ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው እንደኖረ፣ ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ ሲደርስ በአንድነት እንደሚከፈት፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ እንደሚታጨድ፣ ከተፈቀደው ቀን በፊት ማጭድ ይዞ የተገኘ ሰው ምን ይደርስበት እንደነበር አያቱ የነገሩትን አስፍሯል። ፊደሉ የተጣበበ ነው፤ ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ እያምታታ ይጽፋል። ግን ሣሩ ይሸታል። ከ15 ማርክ የአንኮበሩ 13፣ የጓሳው 9 አግኝተዋል። ለምን እንደሆነ መምህሩን ስጠይቀው «የጓሳው ዋቢ አልጠቀሰማ! የአንኮበሩ ሦስት መጽሐፍ ጠቅሷል» አለኝ። ሦስቱን መጻሕፍት ያየ ሰው እንዳለ ልጆቹን ጠርተን ጠየቅን። አንድም የለም። የመጻሕፍቱ ስም ልጆቹ ከገለበጡት የቴሌግራም ጽሑፍ ጋር አብሮ የመጣ ነው።

ስለዚህ ወቀሳውን ከራሳችን ልጀምር። ለጥራዙ ውበት ማርክ የሰጠነው እኛ ነን። ዋቢ ማለት ምን እንደሆነ ሳናስተምር ዋቢ የጠየቅነውም እኛ ነን። አንዳንዶቻችን ለልጆቹ የምናባዛው ማስታወሻ ራሱ ከየት እንደተወሰደ አይናገርም።

ዋቢ ማለት ዋስ ማለት ነው፤ ላልከው ነገር የሚቆምልህ፣ ሲጠራ የሚመጣ ሰው። ድሮ ተሟጋች ዋስ ጠርቶ ነው ሙግት የሚገጥመው። በመጽሐፍ መጨረሻ «ዋቢ መጻሕፍት» የምንለውም «ለቃሌ የቆሙልኝ እነዚህ ናቸው፣ ከተጠራጠራችሁ ሄዳችሁ ጠይቋቸው» ማለታችን ነው። ያላነበበውን መጽሐፍ ዋቢ ያደረገ ልጅ በመንገድ አይቶት የማያውቀውን ሰው ዋሴ ነው ብሎ ችሎት ቆሟል። አያቱን ሰምቶ የጻፈው ልጅ ደግሞ እውነተኛ ዋስ እያለው ስሙን ሳይጠራ ቀረ። ማርኩን የቀነሰበት ይህ ነው፤ ግን እንዴት እንደሚጠራ ማን ነገረው?

ይህ ከውጭ የመጣ ወግ እንዳይመስላችሁ። የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንቶቻችን ቃል ሲያመጡ «እንዲል» ብለው የማንን ቃል እንዳመጡ ያስታውቃሉ፤ የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉት ሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች ሲለያዩም የቱ የማን እንደሆነ ይነገራል። በቅኔ ቤትማ ትናንት የተሰማን ቅኔ ዛሬ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ትልቅ ነውር ነው። የሚገርመው፣ በቅኔ ቤት ቋንቋ «ዘረፈ» ማለት ከራሱ አፍልቆ ወዲያው ተቀኘ ማለት ነው። ልጆቻችን እንደዚያ ቢዘርፉልን ደስ ባለን።

ነገሩን ሳከርር የራሴን ባልናገር አይሆንልኝም። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ አንድ የቤት ሥራ ጊዜ አጠረብኝና ከእኔ በፊት ከተመረቀ ልጅ ጽሑፍ ላይ ስድስት ገጽ ያህል ገለበጥኩ። መምህሬ ወረቀቱን ሲመልስልኝ አንድ መስመር ብቻ አስምሮበታል፦ «በሠንጠረዥ 4 እንደተመለከተው»። ከጎኑ «ሠንጠረዡ የት አለ?» ብሎ ጽፏል። በእኔ ወረቀት ላይ አንድም ሠንጠረዥ አልነበረም። ዜሮ አልሰጠኝም፤ ክፍሉ ፊት አስነስቶ ሠንጠረዡን እንድገልጽለት ጠየቀኝ። ዜሮው ይሻለኝ ነበር።

አሁን ልጆቹን ምን እንደምናስተምር ልንገራችሁ፤ ቤት ውስጥ መቆጣጠር የምትችሉት ካወቃችሁት ነው። ከሰው ጽሑፍ መውሰድ ክልክል አይደለም። በሀገራችን የቅጂ መብት ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ከታተመ ሥራ ላይ ለዓላማው የሚበቃውን ያህል ጠቅሶ መውሰድ ተፈቅዷል፤ የደራሲው ስምና ምንጩ እስከተገለጸ ድረስ። ሕጉ ለደራሲው የገንዘብ ጥቅም የሚሰጠው ጥበቃ በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ይህ ማለት ግን 51ኛው ዓመት ላይ ጽሑፉን የራሴ ነው ማለት ይቻላል ማለት አይደለም። ሕጉ አንድ ነገር ነው፣ የትምህርት ሐቀኝነት ሌላ ነገር ነው፤ የሦስት መቶ ዓመት የብራና ጽሑፍም ቢሆን የጻፈው ሌላ ሰው ነው።

ቃል በቃል ከተወሰደ በትእምርተ ጥቅስ ይታጠራል፣ ስም፣ ዓመትና ገጽ ይጻፋል። ይህን አብዛኛው ልጅ ቶሎ ይረዳዋል። የሚያስቸግረን ሁለተኛው ነው። «ከተማዋ ተቆረቆረች» የሚለውን «ከተማዋ ተመሠረተች» ብሎ፣ «ምክንያቱ» የነበረውን «ሰበቡ» አድርጎ፣ የዓረፍተ ነገሩን ቅደም ተከተል እንዳለ ትቶ «በራሴ ቃል ጻፍኩ» የሚል ልጅ ብዙ ነው። የጎረቤትን በግ ጠጉሩን ሸልቶ በረት ውስጥ ማስገባት በጉን የራስ አያደርገውም። በራስ ቃል መጻፍ ማለት መጽሐፉን ከድኖ፣ የገባውን ያህል፣ ለወንድሙ እንደሚያወራ አድርጎ መጻፍ ነው። እንዲያ ከጻፈም በኋላ ሐሳቡ የሰው ነውና ምንጩ ይጠቀሳል።

ሁሉም ነገር ግን ዋቢ አይፈልግም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ መወለዳቸውን ለመጻፍ ማንንም መጥራት አያስፈልግም፤ የታወቀ ነው። ምኒልክ አንኮበርን ትተው ወደ እንጦጦ የወጡበትን ምክንያት አንድ የታሪክ ሊቅ የተነተነበትን መንገድ ከወሰደ ግን የሊቁን ስም መጥራት ግዴታ ነው። ልዩነቱን መልመድ ጊዜ ይወስዳል። ከተጠራጠሩ ይጥቀሱ እንላቸዋለን፤ ዋስ በዝቶ የተረታ የለም።

ሁለት ነገር የእኛ ሀገር ልጆችን በተለይ ያደናግራል። አንደኛው ስም ነው። ፈረንጅ የቤተሰብ ስሙን አስቀድሞ ያስመዘግባል፤ እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም፣ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ስለዚህ የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ በዝርዝሩ ውስጥ «ባሕሩ ዘውዴ» ተብለው በ«በ» ይገባሉ እንጂ «ዘውዴ፣ ባሕሩ» አይባሉም፤ እንዲያ ካልን ልጁን ትተን አባቱን ጠቀስን ማለት ነው። ሁለተኛው ዘመን ነው። የእኛና የአውሮፓውያን አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያያልና «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ አንባቢው የትኛውን ዓመት ይያዝ? በአንድ ወረቀት ላይ የዓድዋ ድል አንድ ቦታ 1888፣ ሌላ ቦታ 1896 ተብሎ አይተናል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ልጁ ግን ሁለት ጦርነት መስሎት ነበር።

ከኢንተርኔት የተወሰደ ከሆነ የጻፈው ሰው ወይም ድርጅት፣ አድራሻውና ያነበበበት ቀን ይጻፋል። ማን እንደጻፈው የማይታወቅ የቴሌግራም ጽሑፍ ዋቢ አይሆንም። ጥቆማ ሊሆን ይችላል፤ ጥቆማውን ይዞ መጽሐፉ ጋ መሄድ የልጁ ፈንታ ነው። ቻት ጂፒቲና መሰሎቹን በተመለከተ ደግሞ ከብዙዎቻችሁ «ልጄ ኮምፒውተሩ ነገረኝ ይላል» የሚል እሰማለሁ። እነዚህ ማሽኖች ያልተጻፈ መጽሐፍ በደራሲ ስምና በገጽ ቁጥር አስጊጠው ማቅረብ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ማሽኑ የፈጠረላቸውን የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው ችሎት ቀረቡና 5,000 ዶላር ተቀጡ። የተማሩ ጠበቆች እንዲህ ከሆኑ የ16 ዓመት ልጅ ቢታለል አይፈረድበትም፤ ስለዚህ ነው ቀድመን መናገር ያለብን።

«ዋናው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው፣ ይህ ሁሉ ለ15 ማርክ ነው ወይ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ በሀገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ሆኖም እዚህ እየገለበጠ 13 ያገኘ ልጅ እዚያ ብቻውን ሲቀመጥ የሚገለብጠው የለውም። ያለፈውም ቢሆን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጠብቀዋል፤ ዛሬ የቀረበለትን ጽሑፍ ከተከማቹ ጽሑፎች ጋር እያመሳከረ የሚመሳሰለውን የሚያቀልም ሶፍትዌር አለ። የጀርመን የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ካርል ቴዎዶር ሱ ጉተንበርግ የዶክትሬት ጽሑፋቸው ከሌሎች የተገለበጠ መሆኑ ተገልጦ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥልጣናቸውን ለቀዋል። የገለበጡትና የተያዙት በዓመታት ልዩነት ነው።

ከእናንተ የምንፈልገው ብዙ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ለኮምፒውተር ቤት የ«አሳይመንት ማሠሪያ» ገንዘብ አትስጡ። ማስተየብ ሌላ፣ ማስጻፍ ሌላ ነው። ስንቅ ሽጣችሁ የምትልኩት ብር ልጁ ያላነበበውን ወረቀት የሚገዛበት ሆኖ ማየት ያሳዝነኛል። የተማራችሁ ወላጆችም አብራችሁ አንብቡ እንጂ አትጻፉላቸው፤ የአባትን አማርኛ ከልጅ አማርኛ የማይለይ መምህር የለንም። ከዚያ፣ ልጁ ጽሑፉን ሲጨርስ አንድ ቦታ ላይ ጣታችሁን አሳርፋችሁ «ይህን ማን ነገረህ?» በሉት። ማንበብ ባትችሉም ይህን መጠየቅ ትችላላችሁ። ከመለሰ ጥሩ፤ ከተንተባተበ ወደ መጽሐፉ ይመለስ።

አያቶችና የአገር ሽማግሌዎች ደግሞ፣ ልጆቹ ጥያቄ ይዘው ሲመጡ ስማችሁን፣ ቀበሌያችሁንና የተነጋገራችሁበትን ቀን ንገሯቸው። «ቃለ መጠይቅ» ተብሎ በዋቢው ዝርዝር ውስጥ ከመጻሕፍቱ እኩል ይገባል። ስሜ አይጻፍ የምትሉ ካላችሁም ይከበርላችኋል።

በእኛ በኩል ከዚህ ወሰነ ትምህርት ጀምሮ የጽሑፍ ሥራ ሲሰጥ የተሰረዘ የተደለዘው ረቂቅ አብሮ ይቀርባል፣ እያንዳንዱ ልጅም በጻፈው ላይ ለአጭር ጊዜ በቃል ይጠየቃል። ለጥራዝ ማርክ የለም። የመጀመሪያ ጊዜ የገለበጠ ልጅ ወረቀቱ ይመለስለትና እንደገና ይጽፋል፤ ይህ ትምህርት እንጂ ቅጣት አይደለም። ለሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ዜሮ ነው፣ እናንተም ትጠራላችሁ። መምህራን የሚያባዙት ማስታወሻም ምንጩ ይጻፍበታል፤ ካልተጻፈ ልጆቹ የመጠየቅ መብት አላቸው። አንዱ ከወዲሁ እኔኑ ጠይቆኛል፤ መልስ ፍለጋ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል።

ስለዚሁ ጉዳይ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ጋር የምንነጋገርበት ስብሰባ እሑድ የካቲት 9 ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይካሄዳል። ከመንዝና ከአንኮበር በኩል ያላችሁ መምጣት ካልቻላችሁ ከተማ ያለ ዘመድ ወክሉ። አራቱ የአንኮበር ወረቀቶች እንደገና ተጽፈው ገብተዋል፤ አንደኛው በእርግጥ ጥሩ ነው። የጓሳው ልጅም አያቱን በስማቸው ጠቅሶ ጽሑፉን ስላስተካከለ ማርኩ ተሻሽሎለታል፤ በስብሰባው ላይ ያነብልናል። አያቱም መኪና ካገኙ እመጣለሁ ብለዋል።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር