የቅድመ አንደኛ በጀት በየክፍሉ ሁለተኛ ሰው ይቀጠርበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የ2015ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት ትምህርት ካደረገው ወዲህ በጎንደር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ገና ሀ ሁ ያልለዩ ትንንሽ ልጆች ቁጥር ከፍ ብሏል። ለእነዚህ ልጆች ማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት፣ ማለትም ቁጣን መግታት፣ ተራ መጠበቅ፣ የጓደኛን ፊት አይቶ ማዘን፣ ከመንግሥት በጀት ገንዘብ ይያዝ የሚለውን ሐሳብ በሙሉ ልብ እንደግፋለን። የሚያሳስበን ብሩ የሚወጣበት መንገድ ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ የሚታሰበው ባለቀለም ፖስተርና የሦስት ቀን የአዳራሽ ሥልጠና ነው። የሁለቱም ሒሳብ ቶሎ ይወራረዳል፤ መስከረም ላይ ክፍሉ ሲከፈት ግን መምህርቷ ያው ብቻዋን ናት። እኛ የምንጠይቀው ከሁሉ አስቀድሞ በእያንዳንዱ የቅድመ አንደኛ ክፍል ረዳት መምህርት እንድትቀጠር ነው።

ስሌቱን እንይ። ጠዋት ልጆቹ ክብ ሠርተው እያንዳንዳቸው ምን እንደተሰማቸው ይናገሩ ቢባል ለአንድ ልጅ 20 ሰከንድ ያስፈልጋል። 60 ልጅ ባለበት ክፍል 20 ደቂቃ መሆኑ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ያህል ተቀምጦ ሌላውን አያዳምጥም። አሥረኛው ልጅ ጋ ሳይደረስ መቆናጠጥ ይጀመራል፤ መምህርቷ ትጮኻለች፤ ትዕግሥት ሊማሩበት የተያዘው ሰዓት በቁጣ ያልቃል። 15 ልጅ ያለው ቡድን ግን በ5 ደቂቃ ይጨርሳል። አንዷ ከቡድኑ ጋር ስትቀመጥ ሌላዋ 45ቱን በጨዋታ ትይዛለች፤ ከዚያ ቡድኑ ይቀየራል።

ረዳቷ ዲግሪ አያስፈልጋትም። 12ኛ ክፍል የጨረሰች፣ ልጅ የምትወድ የሰፈር ልጅ ትበቃለች። ቁም ነገሩ ከመስከረም እስከ ሰኔ አለመቀየሯ ነው። በተለይ የቅድመ አንደኛ መምህርት በዓመቱ መካከል የላይኛውን ክፍል ክፍተት ልትሞላ መዛወሯ ከባድ ጉዳት ነው፤ ልጁ በአራት ወር የለመዳትን ሰው አጥቶ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የትምህርት መምሪያው ዓመቱ ሳያልቅ ዝውውር እንዳይኖር በደብዳቤ ቢያግድ አንድ ብር አያወጣም።

ገንዘቡ የት አለ ለሚለው፣ ለከተማና ለወረዳ የሚደርሰው ብሎክ ግራንት፣ ማለትም ከበላይ በጥቅል የሚመደበው በጀት፣ አብዛኛው ደመወዝ ነው። የትምህርት ቤት ድጎማ ደግሞ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ይመጣል። ትንንሾቹ ሲቆጠሩ አብረው ይቆጠራሉ፤ ብሩ ሲደርስ ግን ለላይኛው ክፍል ጠመኔ፣ ወረቀትና ጥገና ይሄዳል። ስለዚህ ለቅድመ አንደኛ የራሱ የወጪ መስመር ይከፈትለት። እኛ የምናቀርበው ክፍፍል ከ100 ብር 60ው ለረዳቷ ክፍያ፣ 20ው ለክትትል፣ 12ቱ ለመጫወቻ፣ 8ቱ ለወላጆች ስብሰባና ለምልከታ ቅጽ ነው። ግዥው ነሐሴ ላይ ይጠናቀቅ። ሰኔ ላይ ብሩ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ የሚገዛ መጫወቻ ክረምቱን ግምጃ ቤት ተቆልፎበት ይከርማል።

ለመጫወቻ ብዙ ብር አያስፈልግም። ሁለት ሰሌን፣ አራት የጨርቅ ኳስ፣ ሁለት ገበጣ፣ ከካርቶን የተቆረጡ ሥዕሎች። ገበጣ ተራ ያስጠብቃል። አኩኩሉ ደግሞ ዓይኑን የጨፈነው ልጅ "አልነጋም" እየተባለ ራሱን እንዲገታ ያደርገዋል፤ ለዚህ ዕድሜ ከዚህ የተሻለ የትዕግሥት ልምምድ አናውቅም።

ከውጭ ተተርጉመው በሚመጡ መማሪያዎች ላይ ግን አንድ ነገር ይታሰብበት። ስሜትን የሚያሳዩት ፈገግ ባለ፣ ባለቀሰና ጥርሱን ባፋጨ ፊት ነው። የእኛ ልጅ ሲከፋው ብዙ ጊዜ ያኮርፋል። ኩርፊያ በሥዕሉ ላይ የለም። እንዲያውም ያኮረፈው ልጅ ዝም ስላለ ጨዋ ተብሎ ይመሰገናል፣ ሳይታይም ይታለፋል። በመጀመሪያው ወር አምስት ቃል ብቻ ይበቃል፦ ደስ አለኝ፣ ከፋኝ፣ ተናደድኩ፣ ፈራሁ፣ አኮረፍኩ። ቀናሁና አፈርኩ ከጥር በኋላ ይደርሳሉ።

ንዴትን ማብረድም ልምምድ ይፈልጋል። ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው በአፍንጫ እስከ ሦስት እየቆጠሩ አየር መሳብ፣ ከዚያ እስከ አምስት እየቆጠሩ እፍ ማለት፣ አምስት ጊዜ። በየቀኑ ልጆቹ ሰላም ሆነው ሳሉ ሁለት ደቂቃ ይለማመዱት። ልጁ እየጮኸ ሳለ ለመጀመሪያ ጊዜ "ተንፍስ" ቢሉት ቅጣት ይመስለዋል። ሰሌን የተነጠፈበት የማረፊያ ጥግም እንዲሁ ነው፤ ልጁ ወዶ ሄዶ ሲበቃው የሚመለስበት እንጂ የሚንበረከክበት ከሆነ ቢቀር ይሻላል።

ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ በክልላችን የቆየው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ልጆቻችንም ብዙ ሰምተዋል። በር ሲጋጭ የሚደነግጥ፣ ትቶት የነበረው ሌሊት መሽናት የተመለሰበት፣ መናገር ያቆመ ልጅ ሲያጋጥም በክብ መሀል "ምን አየህ?" ተብሎ አይጠየቅ። መምህርት ሐኪም አይደለችም። ምልክቱ ከአንድ ወር ካለፈ ወላጅን ለብቻ አነጋግሮ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው፤ ከዚያ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሊላክ ይችላል።

ለክትትል የተያዘው 20 ብር ለአበል አይዋል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሁለት ቀን ሥልጠና በቂ ነው፤ ከዚያ የክላስተር ሱፐርቫይዘሩ፣ ማለትም የተቀራረቡ ትምህርት ቤቶችን በጋራ የሚከታተለው ባለሙያ፣ በየ15 ቀኑ 40 ደቂቃ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይይ፣ 20 ደቂቃ ከመምህራኑ ጋር ይነጋገር። ልጆቹ ፈተናም ደረጃም አይሰጣቸው። ስድስት መስመር ያለው የምልከታ ቅጽ በጥቅምት፣ በጥርና በሰኔ ይሞላ፤ የሚነበበውም መምህርቷ ምን ትቀይር ለማለት ነው።

ወላጅ "ፊደል ሳይለይ ጨዋታ ምን ያደርጋል?" ማለቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በአሜሪካ ሚቺጋን ኢፕሲላንቲ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1967 በ123 ልጆች ላይ የተጀመረው የፔሪ ጥናት ይህን ይመልሳል። ቅድመ መደበኛ የገቡት ልጆች በአእምሮ ፈተና ያገኙት ብልጫ በጥቂት ዓመት ጠፋ፤ ካደጉ በኋላ ግን ካልገቡት ይልቅ ሥራ ይዘው የተገኙትና ከወንጀል የራቁት እነሱ ነበሩ። ፊደሉም አይቀርም፤ ክቡ ከቀኑ የሚወስደው 20 ደቂቃ ነው። ይህ ለወላጅ መምህር ኅብረት በመስከረም የመጀመሪያ ስብሰባ ይነገር።

ርዕሰ መምህራን የረዳቶቹን ቁጥር በየክፍሉ ቆጥረው የከተማው ምክር ቤት የሐምሌውን በጀት ከማጽደቁ በፊት ለትምህርት መምሪያው በጽሑፍ ቢያስገቡ፣ ቅጥሩ ክረምቱን አልቆ ረዳቶቹ ከነሐሴው ሥልጠና ይደርሳሉ።

በጎንደር ከተማ የቅድመ አንደኛ መምህራንና አሠልጣኞች