ልጆቻችንን ባርሴሎና አድርሳችሁ በሰላም ለመለሳችሁልን ሁሉ የቀረበ ምስጋና

በፍራንክፈርትና በአካባቢው ለምትኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን፣ እንዲሁም ባርሴሎና ላይ እጃችሁን ዘርግታችሁ ለተቀበላችሁን ወገኖቻችን፤

የታዳጊ እግር ኳስ ቡድናችን ልጆች በጥቅምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ወደ ባርሴሎና ያደረጉትን ጉዞ ፈጽመው ሁሉም በጤና ወደየቤታቸው ገብተዋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን ፈጣሪን፣ ቀጥሎም የእናንተን ድካም እናመሰግናለን።

ጉዞው ገና ሐሳብ በነበረበት ጊዜ፣ ከወላጆች መካከል የልጆቻቸውን ወጪ መሸፈን የሚችሉት ጥቂቶች እንደነበሩ ታውቃላችሁ። በየእሑዱ ከቤታችሁ ዶሮ ወጥ፣ ሽሮና ሳምቡሳ ሠርታችሁ፣ ቡና አፍልታችሁ እየሸጣችሁ ገቢውን ለልጆቹ ያዋላችሁ እናቶች፣ እንዲሁም የአንድ ሌሊት ሙሉ ገቢያችሁን ያበረከታችሁ የታክሲ ሾፌር ወንድሞቻችን ባትኖሩ ኖሮ፣ የተጓዙት አቅም ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ብቻ ይሆኑ ነበር። አንድም ልጅ በገንዘብ ምክንያት አለመቅረቱ ከጉዞው ሁሉ ይበልጥ የምንኮራበት ነገር ነው። ከልጆቹ ከፊሎቹ የጀርመን ፓስፖርት፣ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዙ በመሆናቸው፣ የእያንዳንዱን ወረቀትና የወላጅ ፈቃድ ደብዳቤ አንድ በአንድ የመረመረችልንን እኅታችንንም በተለይ እናመሰግናለን።

የጉዞው ዋና ዓላማ ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ባርሴሎና ከጀርመኑ ባየርን ሙኒክ ጋር ያደረገውን የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ መመልከት ነበር። ጀርመን ተወልደው ያደጉ ልጆች በሁለት ጎራ መከፈላቸው የማይቀር ነበርና፣ ገና በአውሮፕላን ማረፊያው ሳሉ ክርክሩ ተጀምሯል። ባርሴሎናን ያሰለጥን የነበረው ሀንሲ ፍሊክ ቀደም ሲል ራሱ የባየርን አሰልጣኝ ሆኖ ባርሴሎናን 8 ለ 2 ያሸነፈ መሆኑም ለክርክሩ ተጨማሪ ነዳጅ ሆኖለታል። ጨዋታው በተጀመረ በመጀመሪያው ደቂቃ የባርሴሎናው ራፊንሃ አስቆጠረ፤ የባየርኑ ሃሪ ኬን አቻ ቢያደርግም፣ የቀድሞው የባየርን አጥቂ ሌዋንዶውስኪ አንድ፣ ራፊንሃ ደግሞ ሁለት ጨምረው ባርሴሎና 4 ለ 1 አሸነፈ። ልጆቻችን ከማንም አብልጠው ሲከታተሉት የነበረው ግን የ17 ዓመቱን የባርሴሎና ተጫዋች ላሚን ያማልን ነበር። ከሞሮኳዊ አባትና ከኢኳቶሪያል ጊኒ ከመጣች እናት የተወለደ፣ በክለቡ የታዳጊዎች ማሰልጠኛ ላ ማሲያ ያደገ ልጅ በዚያ መድረክ ላይ እንዲህ ሲጫወት ማየት፣ ከሌላ አገር በመጡ ወላጆች ቤት ላደጉ ልጆች ምን ማለት እንደሆነ በፊታቸው ላይ አይተነዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የነበሩበት ስታዲየም ግን ለእኛ ለወላጆች ሌላ ታሪክ አለው። ክለቡ የራሱ ስታዲየም ካምፕ ኑ በእድሳት ላይ ስለነበር ጨዋታዎቹን የሚያደርገው በሞንትዡይክ ኮረብታ ላይ በሚገኘው የኦሊምፒክ ስታዲየም ነበር። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ የ10 ሺህ ሜትሩን ውድድር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት የሆነችው እዚያው ነው። ባርሴሎና የሚኖሩት አባታችን ከጨዋታው በፊት ልጆቹን ስታዲየሙ በር ላይ ሰብስበው፣ ደራርቱ ከድሉ በኋላ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየርን ጠብቃ፣ ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ዘመን እገዳ ወደ ኦሊምፒክ በተመለሰችበት በዚያ ዓመት፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው መሙን እንዴት እንደዞሩት ተረኩላቸው። ልጆቹ ሜዳው ከተመልካቹ የራቀበትን ምክንያት የተረዱት ያን ጊዜ ነበር፤ የሩጫው መም በመካከል ስላለ ነው። ጋሼ፣ እኛ በቤታችን ደጋግመን ብንነግራቸው የማይሰሙንን በቦታው አስረድተውልናልና ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ሁላችሁም እንደሰማችሁት፣ ከጨዋታው በኋላ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከኮረብታው ሲወርድ አንደኛው ልጃችን ከቡድኑ ተለይቶ ነበር። እናቶች ከመነሻው በየልጁ እጅ ላይ ያሰሩት ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ማሰሪያ ነው ያዳነን። ልጁ በሜትሮ ጣቢያው ደረጃ አጠገብ ቆሞ ስታየው ወደ እርሱ ቀርባ፣ ቁጥሩን አይታ የደወለችልንና እስክንደርስ ድረስ ከአጠገቡ ያልተለየችውን የከተማዋን ነዋሪ ሴት ስሟን እንኳ ሳንጠይቅ ተለያየን። በዚያ ሌሊት ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ልጁን ፍለጋ በየጣቢያው የተሰማሩት የባርሴሎና ወገኖቻችንም ውለታቸው የሚከፈል አይደለም።

በቀሩት ቀናት ልጆቹ እ.ኤ.አ. በ1882 ተጀምሮ ግንባታው ያላለቀውን ሳግራዳ ፋሚሊያን ጎብኝተዋል፤ በእድሳት ላይ የነበረውን ካምፕ ኑን ከውጭ ተመልክተዋል፤ በባርሴሎኔታ የባሕር ዳርቻም ኳስ ተጫውተዋል። ያሳደሯቸውና እንጀራ ያበሏቸው ቤተሰቦች ልጆቹ ከእንግዳ ቤት ይልቅ ዘመድ ቤት የሰነበቱ እስኪመስላቸው ድረስ ተንከባክበዋቸዋል።

ከተሰበሰበው ገንዘብ የተረፈው በወላጆች ስምምነት ለቡድኑ የክረምት ልምምድ አዳራሽ ኪራይ የሚውል ሲሆን፣ የገቢና የወጪው ዝርዝር ከነደረሰኙ በመጪው የወላጆች ስብሰባ ላይ ይቀርባል። የባርሴሎና ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው በሚቀጥለው የትምህርት ዕረፍት ፍራንክፈርት እንዲመጡ ጋብዘናል፤ በቤታችሁ ልትቀበሏቸው የምትፈቅዱ ሁሉ ለአስተባባሪዎቹ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከታላቅ ምስጋና ጋር
የታዳጊ ቡድኑ አስተባባሪ ወላጆች