ከቱሊክ ሐይቅ ዳር

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ልጆቹስ፣ እማማስ ደህና ናቸው? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብህ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስትደውል ሥራ ላይ እሆናለሁ፤ ማታ እደውላለሁ እላለሁ። ማታው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር። በኋላማ ምን ብዬ ልጀምር ብዬ አፈርኩ። ይቅር በለኝ።

ያለሁት አላስካ ነው። ከፌርባንክስ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን፣ ቱሊክ የሚባል የምርምር ጣቢያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመ። ዛፍ የለም። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው የምጽፍልህ፤ ፀሐይዋ ግን አልጠለቀችም።

ሥራዬ ምን መሰለህ? ቀጭን የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ እሰካለሁ። መጀመሪያ ሰተት ብሎ ይገባል። ክንድ ያህል ወርዶ ቋ! ይላል። ከዚያ በታች አፈሩ በረዶ ነው፤ ለሺህ ዓመታት ሳይቀልጥ የኖረ። ፐርማፍሮስት ይሉታል። በሰሜኑ ዓለም እንዲህ ባለ መሬት ውስጥ የታሸገው ካርቦን አየር ላይ ካለው እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት አንዱ የጅረት ዳርቻ ተንዶ አገኘነው። የተቆረጠው አፈር ውስጥ በረዶው እንደ መስታወት ያበራል፤ ጠብ ጠብ ይላል። ከጭቃው አንድ የሣር ሥር መዘዝኩ። ትናንት የተነቀለ ነው የሚመስለው። እጄ ላይ ይዤው ብዙ ቆምኩ። እስከዛሬ ያላበሰበሰው ብርዱ ነው። አሁን ረቂቅ ተሕዋስያኑ ይበሉታል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ሆኖ ይወጣል፣ ሌላውን ጅረቱ ይዞት ይሄዳል። ጅረቱን የምንከታተለውም ለዚህ ነው።

ውሃ ስቀዳ ሁልጊዜ አንተ ትመጣብኛለህ። ግልገል አባይ ላይ ተማሪ ሆነን ናሙና ስንወስድ «ጠርሙሱን ሦስቴ አለቅልቀው!» ብለህ የተቆጣኸኝ ትዝ ይልሃል? አሁንም ሦስቴ ነው የማለቀልቀው። ውሃው ጣት ያደነዝዛል፣ ትንኙ አይጣል ነው፤ ግን አንዴም አልዘለልኩም።

አንድ ባልደረባዬ እዚሁ ሰሜን አላስካ ካሉት ከብሩክስ ተራሮች የቀዳውን ጠርሙስ አሳየኝ። ዝገት የተበጠበጠበት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት እዚያ 75 ጅረቶች ብርቱካንማ መሆናቸውን መዝግቧል። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት በረዶው ሲለቅ ብረትና ድኝ ያለበት ድንጋይ ውሃና አየር ያገኘዋል፤ ከዚያ ውሃው አሲዳማ ይሆናል፣ ብረቱም ይሟሟበታል። ከአንዱ ጅረት ዓሣውም ነፍሳቱም ተመናምነዋል። የጠራ ውሃ ነበር፣ ወንድሜ። ጠጠሩ አንድ በአንድ የሚቆጠርበት። ጠርሙሱን መልሼ ሳስቀምጥ ሆዴ ባባ።

ይህን ለማን እንደምነግር ሳስብ ነው ወረቀት ያነሳሁት። አንተ ውሃ ታውቃለህ።

ግልገል አባይስ ዘንድሮ እንዴት ነው? ክረምቱ ገብቶ ደፍርሷል? ያቺ የምንቀዳባት ድልድይ ሥር አሁንም ትወርዳለህ? እሑድ በእናንተ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ስልክህን ክፍት አድርገው።

የዘወትር ወንድምህ