ክረምቱ ሳይቀድመን ጣሪያውን እንመልስ፦ ለደላንታ ልጆችና ወዳጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የደላንታ ተወላጆች፣ በአገር ቤትም በውጭ አገርም ያላችሁ ወገኖቻችን፤ ሰላማችሁ ይብዛ።

ወሬው እንደደረሳችሁ እናውቃለን። ፎቶውም በየስልኩ ዞሯል። ከበልጉ ዝናብ ጋር የመጣው ንፋስ የኦፓል (የከበረ ድንጋይ) መቁረጫ ማሰልጠኛችንን ጣሪያ ከግማሽ በላይ ገንጥሎ ጥሎታል። የባህር ዛፉ ወራጅ ተሰባብሯል። ቆርቆሮው ተጣጥፎ ከሰው ማሳ ውስጥ ተለቅሟል። ሌሊት ስለነበር ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን። ግድግዳው ግን ዛሬ ለሰማይ ክፍት ነው። የደላንታን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ከላይ ከገባበት፣ በመስከረም የምናድሰው ግድግዳ አይኖርም፤ እንደገና ከመሠረቱ መጀመር ነው።

እውነቱን ለመናገር ደክሞናል። ባለፈው መስቀል በደስታ የተጀመረው መዋጮ ከጥምቀት ወዲህ ቀዝቅዟል። ስልክ ስንደውል የማያነሳው በዝቷል። የሚያነሳውም «እናንተ ሰዎች፣ ደግሞ ገንዘብ?» ይለናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አንከፋበትም። መልሱን ከዚህ በታች በግልጽ እናስቀምጣለን። አስቀድመን ግን ይህ ቤት የቆመበትን ምክንያት እናንሳ፤ የረሳ ሰው ያለ ስለሚመስለን ነው።

በአገራችን ኦፓል ሲባል ድሮ የሚታወቀው የመንዙ፣ የመዘዞው ነበር። እሱ ጠቆር ያለ፣ ቡናማ ነው፤ ቶሎ የመሰንጠቅ ችግርም ነበረበት። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በእኛው በጸሐይ መውጫ ገደል ነጩና ጥርት ያለው ሲገኝ የዓለም ገበያ ፊቱን ወደ ወረዳችን ከተማ ወደ ወገል ጤና አዞረ። ያኔ ድንጋዩ ከገደሉ ፊት ላይ በመሮ ይለቀም ነበር። የዋህ ዘመን ነበር። ልጁ ጠዋት ወርዶ ማታ ይመለሳል።

የገደሉ ፊት ግን አለቀ። ኦፓሉ ያለው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ተጭኖ ድንጋይ በሆነበት ውስጥ ነው። በዚያ ሁሉ ግድግዳ መካከል ኦፓል ያለበት ሽፋን ውፍረቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቆፋሪው ያንን ቀጭን ሽፋን ተከትሎ ወደ ተራራው ሆድ ይገባል። ቀጥ ብሎ መቆም የለም። ጎንበስ፣ አንዳንዴም በደረት ነው። ግንባር ላይ ባትሪ፣ እጅ ላይ መዶሻና መሮ፣ አለቀ። ዋሻውን የሚደግፍ እንጨት የለም፤ ያንን ገደል እንጨት ተሸክሞ የሚወርድ ማን ነው? ልጆቹ ምልክቱን ያውቁታል። ከላይ እንደ ዱቄት ያለ አመድ መርገፍ ከጀመረ ውጡ ማለት ነው። ታዲያ በዚያው ሰዓት ድንጋዩ ቀይና አረንጓዴ ብልጭ ካለ ማን ይወጣል?

በ2016 ዓ.ም. ዋሻ ተደርምሶ 20 የሚጠጉ ልጆች ከውስጥ የቀሩበትን ቀን የረሳ የለም። ያኔ አገር ሁሉ ስለ ደላንታ አወራ። ማሽን ወደ ቦታው መውረድ አልቻለም። ሰው በእጁ፣ በዶማና በአካፋ ነበር የቆፈረው። ያ አደጋ ስለተሰማ እንጂ አንድም ሁለትም ሰው የቀረበት ዋሻ ብዙ ነው። ከገደሉ አፋፍ ካሉት ቅሬዎች (የወሎ ዕድሮች) በኦፓል ዋሻ የሞተ ሰው ያልቀበረ ቅሬ አናውቅም።

ኮሚቴያችን የተነሳው ከዚህ ነው። ልጆቹን «አትግቡ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ሁላችንም መክረናል። መሬቱ ጠቧል፣ በልጉ አንድ ዓመት ይመጣል አንድ ዓመት ይቀራል። የሚበላ ነገር ሳይኖር ምክር ምን ያደርጋል? ነገሩን ስናየው የሞቱ ሥር ጥሬ ሽያጩ ነው። ድንጋዩ ከዋሻው አፍ ላይ በጥሬው፣ በደላላ ግምት ይሸጣል። አዲስ አበባ ይደርሳል። ከዚያ ብዙው ወደ ህንድ፣ ወደ ጃይፑር ይሄዳል። እዚያ ይቆረጣል፣ ይለሰልሳል፣ ፈርጥ ይሆናል። እስከ አሜሪካ የቱሳን የድንጋይ ገበያ ድረስ ይቀርባል። የሚሞተው የእኛ ልጅ ነው፤ ዋጋው የሚጨምረው ባሕር ማዶ ነው። በጥሬው ትንሽ ያገኘ ልጅ ያንኑ ለመድገም በሚቀጥለው ሳምንት ጠልቆ ይገባል። አንዱን ድንጋይ እዚሁ ቆርጦ ቢሸጥ ግን ተጨማሪው ገንዘብ የሚገኘው ከዋሻው ጥልቀት ሳይሆን ከእጁ ሙያ ነው። ዋሻ የሚገባ ሰው ጨርሶ አይኖርም አንልም። ልጆቻችን ከመሬት በላይ የሚሠሩት ሥራ ይኑር ነው የምንለው።

ሙያው ደግሞ እንዲሁ የሚገኝ አይደለም። የወገል ጤና ኦፓል ውሃ ይጠጣል። መቁረጫው ያለ ውሃ አይሠራም፤ ውሃ ከሌለ ድንጋዩ ግሎ ይሰነጠቃል፣ አቧራውም ሳንባ ውስጥ ገብቶ የዕድሜ ልክ በሽታ ይሆናል። ቤቱ ከመሠራቱ በፊት በቅሬው አዳራሽ በአንድ ማሽን ሥልጠና ጀምረን ነበር። ከሰልጣኞቹ አንዷ ከሳውዲ የተመለሰች እህታችን ናት። የመጀመሪያ ድንጋይዋን በአጭር ዱላ ጫፍ ላይ በሰም ለጥፋ፣ ቀስ እያለች ስታለሰልስ ድንጋዩ እየጠራ እየጠራ ሄደና መስተዋት መሰለ። ቀለሙ ድርግም አለ። «አበላሸሁት!» ብላ እንባዋ መጣ። አሰልጣኙ ድንጋዩን ተቀብሎ ከፀሐይም ከእሳትም ርቆ ጥላ ውስጥ፣ ጨርቅ ላይ አስቀመጠው። ውሃው ቀስ ብሎ እስኪወጣ ቀናት ፈጀ። ሲደርቅ ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ብርቱካናማውም ወደ ቦታው ተመለሰ። ልጅቷ ድንጋዩን ወደ መስኮቱ ይዛ ስታገላብጥ አዳራሹ በእልልታ ነው የሞላው። ቸኩላ ፀሐይ ላይ አስጥታው ቢሆን ይሰነጠቅባት ነበር። በዘይት የነካ እጅ ብትይዘውም ዘይቱን ይጠጣና ቀለሙ ይለወጣል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ገዢ አያታልለውም። ይህን ነው በዚያ ቤት የምናስተምረው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ብዙ የተጠየቅነው ጣሪያው ሳይጠነክር ማሽን ለምን ተገዛ የሚለውን ነው። ማሽኖቹን የገዛነው የውጭ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ነው። ያኔ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ብንጠብቅ ኖሮ በዚያው ብር የማሽኑን ግማሽ እንኳ አናገኝም ነበር። ማሽኖቹ ዛሬ በቅሬው መጋዘን ተቆልፈው በደኅና ተቀምጠዋል፤ ጣሪያው ሲወድቅ እዚያ አልነበሩም። የፈለገ መጥቶ ማየት ይችላል፤ ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ጣሪያው ለምን በባህር ዛፍ ተሠራ የሚል ነው። ብረት ስለተወደደ ነው። በጊዜው የነበረው ገንዘብ መሠረቱን በድንጋይ ገንብቶ፣ ግድግዳውን አቁሞ፣ ወለሉን በሲሚንቶ ለመሙላት ነው የበቃው። ሲሚንቶው ከደሴ ተጭኖ ነው የመጣው፤ የማጓጓዣውን ዋጋ እናንተም ታውቁታላችሁ። ድንጋዩን የጠረቡት የአካባቢው ወጣቶች በነፃ ነው። ውሃውን በአህያ ያመላለሱት እናቶች አንድ ብር አልተቀበሉም። የኮሚቴ አባል አበል የሚባል ነገር የለውም፤ የትራንስፖርቱንም ከኪሱ ነው የሚከፍለው። እያንዳንዱ ደረሰኝ በፋይል ተቀምጧል። ሒሳቡን ከቅሬዎቹ የተመረጡ ሽማግሌዎች አይተው ፈርመውበታል። ደግሞም ይህን ሥራ የጀመርነው ጦርነቱ ወሎን ካደቀቀ በኋላ፣ ሰው የተዘረፈውን እንኳ መልሶ ሳይተካ ነው። በዚያ ጊዜ ይህን ያህል ማቆማችን ሊያስመሰግነን ይገባ ነበር እንጂ ሊያሳማን አይገባም።

ጣሪያው ባይወድቅ ኖሮ ቤቱ እስካሁን ሥራ በጀመረ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት የባህላዊ ማዕድን ማምረት ፈቃድ ያላቸው ማኅበራት ጥሬ ድንጋያቸውን ለማምጣት ተስማምተው ነበር። አሁንም ቃላቸውን አላጠፉም። ጣሪያ ብቻ ነው የጎደለን።

የሚያስፈልገው ይህ ነው። ባለሙያ መጥቶ አይቶታል፤ ግድግዳው ጤነኛ ነው ብሏል። ጣሪያው በዚህ ጊዜ በብረት ይሠራል፣ ከግድግዳው አናት ጋርም በኮንክሪት ይታሰራል። የንፋሱን ነገር ስለምናውቅ በእንጨት አንመለስበትም። ጠቅላላ ግምቱ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ነው። በእጃችን ያለው ከሲሶው ትንሽ የሚበልጥ ነው። የቀረው እስከ ሰኔ አጋማሽ ከተገኘ ብረት በያጁ ሥራውን ከዋናው ክረምት በፊት ይጨርሳል። ከዚያ ካለፈ ቢያንስ ሸራ ገዝተን ግድግዳውን መሸፈን አለብን፤ ያ ደግሞ ያለችንን ይበላብናል።

አስተዋጽኦው የሚገባው በኮሚቴው ስም ንግድ ባንክ በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ነው። በማንም ግለሰብ ስም አይደለም። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። የሒሳብ ቁጥሩ በየቅሬው ሰሌዳ ላይ ከነማኅተሙ ተለጥፏል፤ በደረሰኞቻችን አናት ላይም ታትሟል። ውጭ አገር ያላችሁ ከመላካችሁ በፊት ቁጥሩን ከአገር ቤት ዘመድ ጋር አመሳክሩ። በቅርቡ በስማችን በግል ቴሌብር ገንዘብ የሰበሰበ ሰው እንዳለ ሰምተናል። እኛ አይደለንም። በግል ቴሌብር አንቀበልም።

በሳውዲ፣ በኤምሬትስና በኩዌት ያላችሁ እህቶቻችን፤ የዚህ ቤት መሠረት ሲጣል የመጀመሪያውን ገንዘብ የላካችሁት እናንተ ናችሁ። ከሰው ቤት ላባችሁ ምን እንደምትቆርሱ እናውቃለን። ስለዚህ እናንተን ደግመን ለመጠየቅ አፍረናል። ሆኖም ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ «መመለሻ ሥራ ቢኖር እመለስ ነበር» ስትሉ ሰምተናል። ያ ሥራ በዚህ ቤት ውስጥ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ፣ ይህን ጊዜ ጫናውን ከእህቶቻችን ትከሻ ላይ ብታቀሉ ደስ ይለናል። አዲስ አበባ በንግድ የተሳካላችሁ ጋሼዎችም አላችሁ። በኦፓል የተሳካላችሁም አላችሁ፤ ስም አንጠራም፣ እናንተው ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ድንጋዩ ከየት እንደወጣ ታውቃላችሁ።

ክርስቲያኑ አስራቱን ያስብ፤ ሙስሊሙ ዘካውንና ሰደቃውን ያስብ። በወሎ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሙስሊሙ ድንጋይ ያቀብላል፤ መስጊድ ሲሠራ ክርስቲያኑ ጭቃ ያቦካል። እኛ ያደግነው እንዲህ ነው። በየሰንበቴው ስለዚህ ቤት እንዲነገር ቀሳውስቱን ጠይቀናል፤ ሼኾቹም ከጁምዓ በኋላ ዱዓ አድርገውልናል። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በጅጣ ገደል አውጥተው በእኛው ሜዳ ሲያስጎትቱ፣ ለእሱ ሲባል መንገድ በሌለበት መንገድ ተቆርጧል። ያ የሆነው በዚሁ መሬት ላይ ነው። ለአንድ ጣሪያ የሚሆን ብረት በተሠራ መንገድ ማምጣት አያቅተንም።

በገንዘብ ያልቻለ በዓይነት ይርዳ። ቆርቆሮ፣ ብረት፣ ሲሚንቶ፣ ሚስማር እንቀበላለን። ዕቃ ስታስረክቡም ደረሰኝ ጠይቁ፤ ያለ ደረሰኝ አትስጡ። የጭነት መኪና ያላችሁ ከደሴ ወደ ወገል ጤና ባዶ የምትመለሱ ከሆነ ንገሩን፤ የአንድ ጉዞ ጭነት ብትችሉልን ትልቅ ወጪ ይቀንስልናል። ጉልበት ያለው ወጣት የወደቀውን በማንሳት ቀን ይምጣ። ቀኑ በየቅሬው ይነገራል፤ ምሳ እናቶች አዘጋጅተዋል።

ባለፈው ቃል የገባችሁና እስካሁን ያላስገባችሁ ወገኖች አላችሁ። አንወቅሳችሁም፤ ኑሮው ለሁሉም ከብዷል። ከገባችሁት ቃል ሩቡን እንኳ በዚህ ሳምንት ብታስገቡ ለብረቱ ቀብድ ይሆነናል። ሻጩ ያለ ቀብድ ዋጋውን አይጠብቅልንም።

አሁንም ደግመን እናስታውሳለን። ሒሳቡ በኮሚቴው ስም ንግድ ባንክ ያለው ነው። ቁጥሩ ከነማኅተሙ በቅሬው ሰሌዳ ላይ አለ። በግል ስም፣ በግል ቴሌብር፣ በእጅ በእጅ ለማንም አትስጡ። ስታስገቡ «ለጣሪያ» ብላችሁ ጻፉበት። የባንኩን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ለቅሬያችሁ ጸሐፊ ላኩ፤ በሳምንት ውስጥ ደረሰኝ ካልደረሳችሁ ደውላችሁ ጠይቁን። የገባው ገንዘብ ዝርዝር በየወሩ መጨረሻ በሰሌዳው ላይ ይለጠፋል።