የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ፦ ከቄራው ጀርባ የተደረገ ቆጠራ

ክበቡ ዓመቱን ሙሉ የሠራው በአንድ ወፍ ላይ ነው፤ «የግብፅ ጥንብ አንሳ» በሚባለው። ይህ ወፍ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ከተጋለጡ የዓለም ዝርያዎች ተርታ ተመዝግቧል። ከባልካን አገሮች የሚመጡት በቱርክና በሲና በኩል ዞረው፣ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው ከእኛ ዘንድ ይከርማሉ። የሚዞሩት ወደው አይደለም። ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉት ከጋለ መሬት በሚነሳ ሞቃት አየር ነው፤ ባሕር ላይ ያ አየር የለም። አዋቂ ሳይከተል ሜድትራኒያንን ቀጥ ብሎ ለማቋረጥ የሚነሳ ታዳጊ አብዛኛውን ጊዜ ሰምጦ ይቀራል።

ቆጠራው ቅዳሜ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ከቄራው ጀርባ ይካሄዳል። ከዚያ በኋላ ምድር ይሞቃል፣ ወፎቹ ተነስተው ይዞራሉ፣ አንዱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። የጥቅምት መዝገብ ተጥሏል፤ አባላት የጻፉት ነጮቹን ብቻ ነበር። ወፉ ሙሉ በሙሉ የሚነጣው በ5 ዓመቱ ገደማ ነው፤ ታዳጊው ቡናማ ስለሆነ በከተማው ከሚታወቀው ትንሽ ቡናማ ጥንብ አንሳ ጋር ይምታታል። መለያው ጅራት ነው፦ የግብፁ እንደ ሽብልቅ የሾለ፣ የሌላው አጭርና ጫፉ ቀጥ ያለ። እግሩ ላይ ተመራማሪዎች ያሰሩለት ቀለበት ካለ ቀለሙ፣ ፊደሉና ያለበት እግር ይመዘገባል፤ ቀኝና ግራ የሚባለው የወፉ እንጂ የተመልካቹ አይደለም። ብዙ ስህተት የታየው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ጣጣ እዚሁ የሚኖሩና ጫጩት የሚፈለፍሉ የግብፅ ጥንብ አንሳዎችም መኖራቸው ነው። ሰኔ ላይ የአውሮፓዎቹ አዋቂዎች ጎጇቸው ላይ ስለሚሆኑ፣ ያኔ የታየ ነጭ ወፍ የእኛው ነው ማለት ይቻላል። ቡናማውን ግን አይቻልም፤ ስደተኛው ታዳጊ ሳይመለስ አፍሪካ ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

ከቆጠራው ይልቅ የሚጠቅመው የመብራት ምሰሶ ፍተሻው ይመስለኛል። ወፉ ክንፉን ሲዘረጋ ከ1.5 ሜትር ያልፋል። የምሰሶው አግዳሚ ብረት ሆኖ ከመሬት ጋር ከተገናኘ፣ በላዩ ቆሞ አንድ ሽቦ ብቻ መንካቱ ይገድለዋል። የከፋው ስኒው (ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው የሽቦ መያዣ) ከአግዳሚው በላይ ቆሞ ሽቦውን የያዘበት ምሰሶ ነው። መፍትሔው ስኒውንና ግራ ቀኙን ያለውን ሽቦ በፕላስቲክ መሸፈን፣ ወይም ስኒውን ከአግዳሚው ሥር ማንጠልጠል ነው። በፖርት ሱዳን 31 ኪሎ ሜትር የሚሆን አንድ መስመር ለአሥርት ዓመታት እነዚህን ወፎች ሲፈጅ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2014 አገልግሎቱ ተቋርጧል።

ከምሰሶዎቹ ሥር የወፍ ሬሳ ፍለጋው በማለዳ ነው፤ ጅብና ውሻ ቀድመው ይወስዱታል። ስለዚህ «ምንም አልተገኘም» ማለት «ምንም አልሞተም» ማለት አይደለም። ምሰሶም ሽቦም አይነካም። የተቃጠለ እግር ወይም ላባ ካለ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ይነሳል፣ የምሰሶው ቁጥር ይጻፋል። ብዙ ሬሳ አንድ ላይ ከተገኘ ግን ለውሻ የተቀመጠ መርዝ ሊሆን ስለሚችል ማንም ሳይጠጋ ለእንስሳት ሐኪም ይነገራል።

የአደገኛ ምሰሶዎች ዝርዝር ለሚመለከተው ቢሮ ገብቷል፤ ምላሽ እየተጠበቀ ነው። ሁሉንም በአንዴ መሸፈን ካልተቻለ ከቄራው አጠገብ ካሉት ይጀመር ተብሏል፤ ወፎቹ ጠግበው የሚያርፉት እነሱ ላይ ነው።